ፀረ ቫይረስ መድኃኒትን ሳይረፍድ እንዴት መጀመር ይቻላል?

መጀመሪያ ሰዓቱን ጻፉ። ብርድ ብርድ ያላችሁ፣ ሰውነታችሁን የቆረጣጠማችሁ መቼ ነው? ቀኑን ብቻ ሳይሆን ጠዋት ይሁን ማታ መዝግቡ። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት የሆነው ኦሴልታሚቪር ይበልጥ የሚጠቅመው በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ቆጠራው የሚነሳው ደግሞ ሐኪም ዘንድ ከደረሳችሁበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ምልክት ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ትኩሳት ሲይዘኝ «ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል» ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ከመሳቢያ የተረፈ አሞክሳሲሊን አግኝቼ ዋጥኩ፤ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን እንደማይነካ እያወቅሁ! በአራተኛው ቀን ሐኪሙ «መቼ ጀመረዎት?» አለኝ። መልሴን ሰምቶ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ኦሴልታሚቪር ቫይረሱን አይገድልም። በሴል ውስጥ የተባዙት አዳዲስ ቫይረሶች ተላቀው እንዲወጡ የሚረዳቸውን ኢንዛይም ያግዳል፤ በሩን ይዘጋባቸዋል። ብዙዎቹ ከወጡ በኋላ በር መዝጋት ጥቅሙ ያንሳል። በጊዜው ቢጀመርም ሕመሙን የሚያሳጥረው በአንድ ቀን ገደማ ነውና ተአምር አትጠብቁ። ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ፣ የአስም ወይም የልብ ሕመምተኛ ግን 48 ሰዓት አለፈ ብሎ መቅረት የለበትም፤ ለእነዚህ ዘግይቶም ሊሰጥ ይችላል። ትንፋሽ ካጠራችሁ ደግሞ ሰዓት መቁጠሩን ትታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ተመርመሩ። ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ በምልክት ብቻ አይለዩም፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። የኮቪዱ ፓክስሎቪድ በ5 ቀን ውስጥ ይጀመራል። ለተራ ጉንፋን የሚታዘዝ ፀረ ቫይረስ የለም።

የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ ስማቸውን በቃሌ አውቃለሁ ማለት አያዋጣም። በፓክስሎቪድ ውስጥ ያለው ሪቶናቪር ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን መንገድ ስለሚገታ፣ ለምሳሌ የኮሌስትሮሉ ሲምቫስታቲን በደም ውስጥ እስከ አደገኛ መጠን ይከማቻል። የኩላሊት ሕመም ካለባችሁም ተናገሩ፤ የሁለቱም መድኃኒቶች መጠን ሊቀነስ ይችላል።

ለአዋቂ የተለመደው የኦሴልታሚቪር መጠን 75 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን ነው። ከምግብ ጋር ሲወሰድ ማቅለሽለሹ ይቀላል። ስለተሻላችሁ በሦስተኛው ቀን አታቋርጡ።

ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ታሞ ለራሳችሁ ወይም ለአረጋዊ ወላጃችሁ ከሰጋችሁ፣ ሐኪም ያንኑ መድኃኒት ለመከላከያ በቀን አንድ ጊዜ ሊያዝ ይችላል። እዚህም መቸኮል ያስፈልጋል፤ ከታማሚው ጋር ከተገናኛችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። መከላከያው የሚሠራው እንክብሉ እየተወሰደ እስካለ ድረስ ብቻ ስለሆነ የክትባትን ቦታ አይተካም።