ፕሮባቢሊቲ ካስቸገራችሁ ከጳጉሜ ጀምሩ

በዘፈቀደ የተመረጠ አንድ ሰው በጳጉሜ የተወለደ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? የማስጠናቸው ልጆች ፕሮባቢሊቲ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ይህንን ነው። ብዙዎቹ ወዲያው «ዓመቱ 13 ወር ነው፣ ጳጉሜ ከ13ቱ አንዷ ናት፣ ስለዚህ 1/13» ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «ቆይ፣ ጳጉሜ እኮ 5 ቀን ናት!» ይላል። አዎ፣ መቆጠር ያለባቸው ወሮቹ ሳይሆኑ ቀኖቹ ናቸው። 5/365፣ ሲቃለል 1/73። (6 ቀን የምትሆንበትን ዓመት ለጊዜው ትተን፣ ሰው በዓመቱ ቀናት ሁሉ እኩል ይወለዳል ብለን ነው።)

ፕሮባቢሊቲ ላይ ነጥብ የሚጠፋው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው። «የሚፈለገው ሲካፈል ለጠቅላላው» የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግን የሚሠራው የምትቆጥሯቸው ነገሮች እያንዳንዳቸው እኩል ዕድል ሲኖራቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ፎርሙላ ከመጻፋችሁ በፊት ምን እየቆጠራችሁ እንደሆነ ለራሳችሁ ንገሩ።

በዚህ የተሳሳተው ተማሪ ብቻ አይደለም። ዳላምቤር የተባለው ታዋቂው የፈረንሳይ ሒሳብ ሊቅ በ1754 እ.ኤ.አ. ሳንቲም ሁለቴ ሲወረወር ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል 2/3 ነው ብሎ ጽፏል። አስተሳሰቡ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ዘውድ ከወጣ አለቀ፣ ካልሆነ ጎፈር ቀጥሎ ዘውድ፣ ወይም ጎፈርና ጎፈር። ሦስት ነገር፣ ሁለቱ ጥሩ። ነገር ግን የመጀመሪያው ውስጥ ሁለት ነገር ተደብቋል፤ ዘውድ-ዘውድ እና ዘውድ-ጎፈር። አራቱን ዘርዝሩና ቁጠሩ፣ 3/4 ነው። ሁለት ዳይስ ተወርውሮ ድምር ሲጠየቅም ነገሩ ያው ነው። ከ2 እስከ 12 ያሉት 11 ድምሮች እኩል ዕድል የላቸውም። እኩል የሆኑት 36ቱ ጥንዶች ናቸው፤ 7 በ6 መንገድ ይመጣል፣ 2 ግን በአንድ ብቻ። 6 በ6 ሠንጠረዥ መሥራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ አትስነፉ።

አሁን ወደ ዕቁብ እንሂድ። እኔ «ዊዛውት ሪፕሌስመንት» (የተነሳው ሳይመለስ ቀጣዩ ሲነሳ) የሚለውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም። 12 ሰው ያለበት ዕቁብ ነው እንበል። 12 የተጠቀለሉ ወረቀቶች አሉ፣ አንዷ ላይ ብቻ ምልክት አለ፣ ሰዎቹ በተራ አንድ አንድ እያነሱ ይገልጣሉ። ቀድሞ ማንሳት ይሻላል ወይስ ቆይቶ? ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያነሳው ይጠቀማል ብሎ ያምናል። እስቲ የሦስተኛውን ሰው እንሥራ። እሱ እንዲደርሰው የመጀመሪያው መሳት አለበት፣ 11/12። ከዚያ ሁለተኛውም መሳት አለበት፤ የቀሩት 11 ስለሆኑ 10/11። ከዚያ እሱ ማግኘት አለበት፣ 1/10። ሲባዛ 11/12 × 10/11 × 1/10። ተጣፍቶ ተጣፍቶ 1/12 ይቀራል። የሰባተኛውንም የመጨረሻውንም ሥሩት፣ ያው 1/12 ነው። ዕቁቡ ፍትሐዊ ነው ማለት ነው፣ ተራ የሚሻማ ሰው በከንቱ ነው የሚደክመው።

ግን እዚሁ ላይ ሌላ ጥያቄ ይምጣ። ሁለቱ አንስተው ባዶ ከሆነባቸው በኋላ የሦስተኛው ዕድል ስንት ነው? አሁን 1/10 ነው። ከላይ 1/12 ብለን አሁን 1/10 ማለታችን አይጋጭም። መጀመሪያ የጠየቅነው ማንም ወረቀት ሳያነሳ ነው፤ አሁን ግን አንድ ነገር አውቀናል። ፈተና ላይ «ጊቭን ዛት» የሚል ቃል ስታዩ ይህንን አስታውሱ። የሆነ ነገር ታውቋል ማለት ነው፣ የማይመለከታችሁን ጣሉትና በቀረው ውስጥ ብቻ ቁጠሩ።

ሠንጠረዥ ያለው ጥያቄ ላይ ይህ በደንብ ይታያል። አንድ ክፍል 60 ተማሪ አለው፣ 36 ሴቶችና 24 ወንዶች። ፈተናውን ያለፉት 27 ሴቶችና 12 ወንዶች ናቸው፣ በድምሩ 39። ሴት መሆኗ ከታወቀ የማለፏ ዕድል 27/36 ነው፣ ማለትም 3/4። ማለፉ ከታወቀ ተማሪ ሴት የመሆኗ ዕድል ግን 27/39 ነው፣ ማለትም 9/13። ላይኛው ቁጥር አንድ ነው፣ የተለወጠው ታችኛው ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡ አይደለም የጠፋበት፣ ዓረፍተ ነገሩን ቸኩሎ አንብቦ ነው። እኔ ልጆቹን «ጊቭን ዛት» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ሐረግ በእርሳስ አስከብባቸዋለሁ፤ ታችኛው ቁጥር የሚመጣው ከዚያ ነውና።

እዚያው ሠንጠረዥ ላይ ሴት መሆንና ማለፍ ኢንዲፔንደንት (አንዱ የሌላውን ዕድል የማይለውጥ) መሆን አለመሆናቸውንም ማየት ይቻላል። ጠቅላላ የማለፍ ዕድል 39/60 ነው፣ 0.65። ሴት መሆኗ ሲታወቅ 0.75 ሆነ። መረጃው ዕድሉን ከለወጠው ኢንዲፔንደንት አይደሉም፣ አለቀ። ይህን «ሙቹዋሊ ኤክስክሉሲቭ» ከሚለው ጋር አታደባልቁት፤ ያኛው አንድ ላይ ሊሆኑ አይችሉም ማለት ነው። እንዲያውም ሁለት ነገሮች አብረው መሆን ካልቻሉ፣ አንዱ መሆኑን ስታውቁ የሌላው ዕድል ዜሮ ይሆናል፣ ያ ደግሞ ጭራሽ ጥገኝነት ነው።

«አት ሊስት»፣ ቢያንስ፣ የሚል ቃል ሲመጣ ደግሞ ወዲያው ተቃራኒውን አስቡ። 10 ምርጫ ጥያቄዎች አሉ፣ እያንዳንዱ 4 ምርጫ አለው፣ አንድ ተማሪ ሁሉንም ገምቶ ሞላ። ቢያንስ አንዱን የማግኘቱ ዕድል? አንድ ሲያገኝ፣ ሁለት ሲያገኝ፣ ሦስት ሲያገኝ እያላችሁ እስከ አሥር ከሄዳችሁ ሰዓታችሁ አለቀ። አንድም አለማግኘት ግን ቀላል ነው፦ 3/4 አሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ፣ 0.056 አካባቢ። ከ1 ሲቀነስ 0.944። ተቃራኒውን ስትጽፉ ተጠንቀቁ፤ «ቢያንስ አንድ» ሲገለበጥ «አንድም የለም» ነው እንጂ «ሁሉም» አይደለም። ይህን ስሕተት በጣም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ያለው ልጆቹን በጣም የሚያስፈራቸው ነው፤ ፐርሙቴሽን (ቅደም ተከተል የሚቆጠርበት) ነው ወይስ ኮምቢኔሽን (ቅደም ተከተል የማይቆጠርበት)? እኔ እንደዚህ ነው የምላቸው፦ ፕሮባቢሊቲ ስትሠሩ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይሠራሉ፣ ላይና ታች አንድ ዓይነት አቆጣጠር እስከተጠቀማችሁ ድረስ። 4 ሴቶችና 6 ወንዶች አሉ፣ ከነሱ 3 ሰው ለኮሚቴ ይመረጣል። በትክክል 2 ሴቶች የመመረጣቸው ዕድል?

በኮምቢኔሽን፦ ከ4 ሴቶች 2 የሚመረጡበት መንገድ 6 ነው። ከ6 ወንዶች 1፣ 6 መንገድ። 6 × 6 = 36። ከ10 ሰው 3 መምረጫው 10 × 9 × 8 ሲካፈል ለ6፣ 120። መልሱ 36/120፣ ማለትም 3/10።

በተራ ቢመረጡስ? ሴት፣ ሴት፣ ወንድ፦ 4/10 × 3/9 × 6/8 = 72/720፣ ማለትም 1/10። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆምና 1/10 ብሎ ይመልሳል! ወንዱ ግን መጨረሻ ላይ ብቻ አይደለም ሊመረጥ የሚችለው፤ መጀመሪያም፣ መሀልም ይችላል። ሦስት ቅደም ተከተል አለ፣ በ3 ይባዛ፣ 3/10። ሁለቱ መንገዶች ከተስማሙ ልባችሁ ይረፍ፣ ካልተስማሙ ደግሞ አንዱ ላይ ቅደም ተከተሉን ረስታችኋል ማለት ነው። ጊዜ ካላችሁ በሁለቱም ሥሩ። ቤት ስትለማመዱማ ሁሌም በሁለቱም ሥሩ፣ በአንድ ጥያቄ የሁለት ጥያቄ ያህል ትማራላችሁ።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ከ1 የበለጠ ወይም ከዜሮ ያነሰ ቁጥር ከመጣ አትርፉ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ መባዛት ያለበት ተደምሮ ነው። ቁጥሮቹ ትልልቅ ሆነው ግራ ከገባችሁ በትንሹ ሞክሩት፤ 12 ሰው ያለበት ዕቁብ ካስቸገራችሁ 3 ሰው አድርጉትና በእጃችሁ ዘርዝሩ፣ መንገዱ ወዲያው ይታያችኋል።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። 40 ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ቢያንስ አንድ በጳጉሜ የተወለደ ልጅ የመኖሩ ዕድል ስንት ነው? ከላይ የሠራናቸው ሁለት ነገሮች ይበቋችኋል። መጀመሪያ ግን በግምት መልሱ፣ ከግማሽ በላይ ነው ወይስ በታች? ከዚያ 72/73ን 40 ጊዜ በራሱ አባዙና ከ1 ቀንሱ። 0.42 አካባቢ ካልመጣላችሁ «ቢያንስ» የሚለውን እንዴት እንደገለበጣችሁት እንደገና እዩት።