ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፦ ለጠጠር ማምረቻ ኤሌክትሪሻን ችግርና መፍትሄ

ከባሕር ዳር ወጣ ካሉ ጥቁር ድንጋይ ብርቅ አይደለም። ድንጋዩ ባለበት ደግሞ ክሬሸር (ድንጋይ መፍጫ) ይተከላል፣ አብዛኛውን ጊዜ የመብራት መስመሩ ጫፍ ላይ። አንድ ኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ለመግዛት ከተማ መውረድ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ «እስቲ ይሄን ቀይረን እንየው» የሚባል ጥገና እዚህ አያዋጣም። መጀመሪያ ይለካል።

ከመለካትም በፊት ጓጉንቸር። ቦርዱን ወይም ማሽኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዋናውን ማጥፊያ አጥፉና ቆልፉ፣ ቁልፉንም ኪሳችሁ ክተቱት። ለካቦው «እንዳታበራ» ማለት አይበቃም። ካቦው ሻይ ሊጠጣ ሄዶ ሌላው መጥቶ ይጫነዋል፤ ክሬሸር መንጋጋ ውስጥ ደግሞ ሰው ሊኖር ይችላል።

ያጉረመርማል፣ አይዞርም

ቶሎ አጥፉት። ቆሞ የሚያጉረመርም ሞተር ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል፤ እንዲሁ ከተተወ ይቃጠላል። ዋናው ተጠርጣሪ ከሦስቱ የመብራት መስመሮች (ፌዞች) አንዱ መጥፋቱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው በቴስተር (መብራት ያለበትን ሽቦ ሲነካ በሚበራው መፈተሻ) ነው። ሦስቱንም ሽቦ ይነካል፣ ሦስቱም ይበራል፣ «መብራቱ ሙሉ ነው» ይላል። አይደለም። የተቋረጠው ሽቦ በሞተሩ ጥቅልል በኩል ከሌሎቹ ፌዞች ቮልቴጅ እየደረሰው ቴስተሩን ያበራዋል። መልቲሜትር አውጡና በፌዝና በፌዝ መካከል ለኩ፦ አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ አንደኛውን ከሦስተኛው። ሦስቱም ወደ 380 ቮልት መጠጋት አለባቸው። የምትለኩት ኮንታክተሩ ተስቦ እያለ ስለሆነ ሥራው የጥቂት ሰከንድ ነው፤ ጓንት አይረሳ።

ከኮንታክተሩ በፊት ሙሉ ሆኖ ከኮንታክተሩ በኋላ ከጎደለ ጥፋቱ እዚያው ነው። አጥፍታችሁ ክፈቱት። ሁለቱ መገናኛዎች ብርማ ሆነው ሦስተኛው ጠቁሮ፣ ጠርዙ ተበልቶ ታገኙታላችሁ። በሞረድ አትሞርዱት፤ ላዩ ላይ ያለውን ብር ትጨርሱታላችሁ። መገናኛውን በሙሉ ቀይሩት። አንዳንዴ ደግሞ መገናኛው ጤነኛ ሆኖ መሀሉ የተጠበሰ ጉንዳን ወይም እንሽላሊት ይገኛል። ያን ጊዜ ማጽዳት ብቻ ሳይሆን የቦርዱን የኬብል ቀዳዳ ሁሉ ድፈኑ።

ከኮንታክተሩ በፊትም ከጎደለ ወደ ኋላ ሂዱ፦ ብሬከር፣ ፊውዝ፣ ቆጣሪ። ከዚያ ወዲያ ያለው ትራንስፎርመር የእናንተ አይደለም፤ መብራት ኃይል ይጠራ። ባለቤቱ ምንም ያህል ቢቸኩል ምሰሶ አትውጡ።

ሦስቱም ሙሉ ሆኖ አሁንም ካጉረመረመ፣ አጥፉና ቆልፉ፣ ቺንጋውን አውጥታችሁ የሞተሩን ፑሊ በእጅ አዙሩት። ካልዞረ ኩሽኔታው ተጣብቋል። በቀላሉ ከዞረ ድንጋይ የተነከሰው ክሬሸሩ ነው ወይም ጥቅልሉ ተበጥሷል።

ባዶውን ይሠራል፣ ድንጋይ ሲገባ ይቆማል

ባዶውን ሲዞር ሳይሆን ድንጋይ እየፈጨ ሳለ ቮልቱን ለኩ። ጠዋት 380 የነበረው ጭነት ሲመጣ 340 ከገባ፣ የሞተሩ ጉልበት ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ጉልበቱ የሚወርደው ከቮልቱ በባሰ ነው። መፍትሄው ወፍራም ኬብል፣ አጭር መንገድ፣ ሞተሮቹንም ተራ በተራ ማስነሳት ነው።

ቮልቱ ጤነኛ ከሆነ ስታር ዴልታውን (ሞተሩን በስታር አስነስቶ በታይመር ወደ ሙሉ ጉልበቱ፣ ወደ ዴልታ፣ የሚያሻግረውን ማስነሻ) ተመልከቱ። ታይመሩ ካልሠራ ሞተሩ ስታር ላይ ይቀራል፤ ስታር ላይ ያለው ጉልበት ሲሶ ብቻ ነው። ለባዶ ይበቃል፣ ለድንጋይ አይበቃም። የዴልታው ኮንታክተር ቀጭ ሲል ካልሰማችሁ ነገሩ እሱ ነው።

በጄኔሬተር የምትሠሩ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ወለል አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ዲዝል ታርጋው ላይ የተጻፈውን ጉልበት አይሰጥም። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ሞተርም ታርጋው የሚቆጠረው እስከ 1,000 ሜትር ነው፤ እዚህ ማቀዝቀዣው ስለሚደክም እስከ አፍንጫው አትጫኑት።

ኦቨርሎዱ እየዘለለ አስቸገረ

ኦቨርሎድ ሞተሩ ከልክ በላይ ከረንት ሲስብ የሚያጠፋው መከላከያ ነው። ባለቤቶች የሚወዱት መፍትሄ የመቁረጫውን ልክ ከፍ ማድረግ ነው። ዛሬ ጠጠር ይመረታል፣ በሳምንቱ ሞተሩ ሊጠቀለል ከተማ ይገባል።

በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ ከረንት በሚለካው) ሦስቱንም መስመር ለኩና ከታርጋው ጋር አስተያዩ። ሦስቱም እኩል ከፍ ካሉ ችግሩ ከጭነቱ ነው፦ የተወጠረ ቺንጋ፣ የደረቀ ኩሽኔታ፣ ከልክ በላይ የሚጨመር ድንጋይ። አንዱ ብቻ ከተለየ፣ አጥፍታችሁ ሦስቱንም ሽቦ ተርሚናሉ ላይ አንድ አንድ ቦታ አሸጋሽጉ። አዟዟሩ አይቀየርም። እንደገና ስትለኩ ከፍ ያለው ከረንት ከሽቦው ጋር ከሄደ ጥፋቱ ከመስመሩ ነው፤ ሞተሩ ላይ በቦታው ከቀረ ግን ከጥቅልሉ ነው። ሦስቱም ልክ ሆነው ከዘለለ የላላ ብሎን ፈልጉ፤ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ቦርድም ኦቨርሎዱን ያሞቀዋል።

ዝናብ ያደረበት ጠዋት ብሬከር አይያዝም

ክረምት ላይ የተለመደ ነው፤ አቧራው ውሃ ጠጥቶ ጭቃ ይሆናል። የሞተሩን ሽቦ ፈታችሁ ጥቅልሉን ከሞተሩ አካል ጋር በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን ጤንነት መለኪያ) ለኩ። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ አታስነሱት። ክፈቱት፣ አጽዱት፣ ፀሐይ ላይ ወይም ሙቀት በሚሰጥ አምፖል አጠገብ አድርቁትና እንደገና ለኩ። በእሳት አታድርቁ። ስትገጥሙት የኬብሉ መግቢያ ወደ ታች ይሁን።

ኮንቬየሩ ወደ ኋላ ሄደ

ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱን አቀያይሩ፣ አለቀ። መስመር ተጠግኖ ሁሉም ሞተር በአንዴ ከተገለበጠ ግን የየሞተሩን ሽቦ አትንኩ፤ ዋናው መግቢያ ላይ አጥፍታችሁ ሁለቱን ብቻ አዘዋውሩ።