ከጉድጓድ ሥር የሚዞረው ሞተር፦ እንዴት ይሠራል? የት ይጠቅማል?

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ወይም ጣርማ በር አካባቢ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር ቆሞ ያየ ሰው የሚያስታውሰው የኮምፕሬሰሩን ጩኸትና የሚዞረውን ቧንቧ ነው። ዋናው ሥራ ግን የሚሠራው ከታች ነው።

በእኛ ደጋ ጥቁር ድንጋይ የሚያዋጣው ሃመር፣ ማለትም እየመታ ድንጋይ የሚሰብረው መሣሪያ ነው። ኮምፕሬሰሩ የሚልከው አየር ከታች ያለውን ፒስተን ያንቀሳቅሳል፣ ፒስተኑ ቢቱን፣ ማለትም ጫፍ ላይ ያለውን መቆፈሪያ፣ ይመታል። ቧንቧው ቀስ ብሎ የሚዞረው ቢቱ በየጊዜው አዲስ ቦታ እንዲመታ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው፣ ከቢቱ በላይ የሚገጠመው ሞተር ደግሞ ሌላ መሣሪያ ነው። አይመታም፣ ቢቱን ያዞራል።

1. ጭቃውን መላክ። ፓምፑ የቁፋሮ ጭቃውን በቧንቧው ውስጥ ገፍቶ ያወርደዋል። ሞተሩ ኤሌክትሪክም ነዳጅም አይፈልግም። ጉልበቱ የሚመጣው ከዚህ ፈሳሽ ነው።

2. ሮተርና ስቴተር። ስቴተሩ ውስጡ በጎማ የተለበጠ የብረት ቱቦ ነው፤ ጎማው ላይ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ። በመሃሉ ጠመዝማዛ የብረት ዘንግ ይገባል፤ ሮተር የሚባለው እሱ ነው። ሮተሩ ከስቴተሩ ሁልጊዜ በአንድ ጥርስ ያንሳል፤ ስቴተሩ 6 ካለው ሮተሩ 5 ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት በመካከላቸው ባዶ ኪሶች ይፈጠራሉ። ጭቃው ከኪስ ወደ ኪስ ለማለፍ ሮተሩን ማዞር ግድ ይሆንበታል። ጥርሱ ሲበዛ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሐሳቡን ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሬኔ ሞይኖ በመጀመሪያ ያመጣው ለፓምፕ ነበር። ፓምፑ ሲገለበጥ ሞተር ሆነ፤ በጣም የማደንቀው ይህንን ነው።

3. ክሮቼራና ኩሽኔታ። ሮተሩ እየተወዛወዘ ነው የሚዞረው። ቢቱ ደግሞ ሳይወዛወዝ መዞር አለበት። ስለዚህ በመካከላቸው እንደ መኪና ክሮቼራ ያለ መገጣጠሚያ ይገባል። ከሱ በታች ያለው ኩሽኔታ ከላይ የሚመጣውን ጭነት ይሸከማል።

4. አቅጣጫ መያዝ። የሞተሩ ቀፎ ከቢቱ በላይ ትንሽ ይታጠፋል፤ ብዙ ጊዜ እስከ 3 ዲግሪ ገደማ። ቧንቧው ሳይዞር ጭቃ ብቻ ከተላከ ጉድጓዱ ወደታጠፈበት ወገን ይሄዳል። ቧንቧውም አብሮ ከዞረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የሚጠምመውና የሚቃናው በዚሁ ነው።

5. ግፊት መለኪያውን ማየት። እዚህ ላይ መቸኮል ሞተር ያስበላል። ቢቱ መሬት ሳይነካ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ግፊቱ ስንት እንደሆነ ይመዝገብ። ቢቱ ሲጫን ግፊቱ ይጨምራል። ሞተሩ ምን ያህል ጉልበት እያወጣ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ጭማሪ ነው። ግፊቱ በድንገት ሽቅብ ከዘለለና ቁፋሮው ከቆመ ሞተሩ ታንቋል። ያኔ ጭቃው በግድ እየሾለከ ጎማውን ይቦጫጭቀዋል። የቧንቧው መዞር ወዲያው ይቁም፤ ፓምፑም ይጥፋ። በቧንቧው ላይ የተጠራቀመው ጥምዘዛ ቀስ ብሎ ይለቀቅ። ከዚያ ነው ቢቱ ከመሬት የሚነሳው። ጭነት በመጨመር የሚያስለቅቅ ሰው ካለ በጊዜ ይከልከል።

ጎማው ሙቀትም አይወድም። ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ የተለመደው ዓይነት ይቸገራል።

የት ይጠቅማል? ጉድጓዱ መታጠፍ ሲኖርበት። ዋናው ቦታው የነዳጅና የጋዝ ቁፋሮ ነው፤ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ወደ ጎን ለመሄድ። ከመሬት ሥር በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት በሚደረገው ቁፋሮም ዘንበል ያሉ ጉድጓዶች አሉ፤ አሉቶ ላንጋኖ ላይ ተቆፍረዋል። ሦስተኛው ቦታ ለከተማ ሰው ይቀርባል፦ መንገድ ወይም ወንዝ ሳይቆረጥ ቧንቧና ኬብል ከሥር ማሳለፍ። አፈሩ ለስላሳ ከሆነ ሞተር አያስፈልግም። በደብረ ብርሃን በኩል የሚያልፈውን የደሴ አስፋልት ከሥር ለማቋረጥ ቢፈለግና አለት ቢያጋጥም ግን ሞተር ይታሰባል።

ለቀበሌ የውኃ ኮሚቴዎች አንድ ነገር ልበል። የውኃ ጉድጓድ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ደጋው ላይ ሃመር፣ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ደለል መሬት ደግሞ በላይ በኩል ቧንቧውን የሚያዞር የጭቃ ቁፋሮ ይበቃል። ተቋራጩ የሞተር ሂሳብ ካቀረበ ጉድጓዱ ለምን መታጠፍ እንዳስፈለገው በጽሑፍ እንዲያስረዳ ጠይቁት።