ያረጀ የፕላስቲክ ወንበር ከመጣልህ በፊት
ለለቅሶም ለሰርግም የምንደረድረው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ፀሐይ ላይ ከርሞ ቢጫ ቢሆን ወይም ቢሻክር ወዲያው አትጣለው። ገልብጠህ እየው፤ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሰህ በስፖንጅ እሸው። የድስት ሽቦ እንዳታስጠጋ፣ ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛል። አለቅም ካለ ውሃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በ400 ቁጥር ቀጥሎ ለስለስ ባለው 800 ቁጥር፣ እያረጠብክ ፈግፍገው፤ በብዛት የሚጎዳው የላዩ ስስ ሽፋን ነው።

ስንጥቁን በሱፐር ግሉ ለመለጠፍ አትልፋ። እኔ ሁለት ቱቦ ጨርሼበታለሁ፣ ይሄ ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይወድም። ይልቅ ደጅ ወጥተህ፣ ጭሱን ሳትምግ፣ ሚስማር በፒንሳ ይዘህ አግለውና በስንጥቁ ግራና ቀኝ ብሳ፣ ከዚያ በቀጭን ሽቦ ስፋው። እግሩ ከተሰነጠቀ ግን ሰው አይቀመጥበት፣ የአበባ ማስቀመጫ አድርገው።