ድሬ ላይ ሮቶ አስተጣጠብ (ግድግዳውን እንዳትረሱ)

ድሬ ውስጥ ሮቶ ወይ በርሜል የሌለው ግቢ ማግኘት ይከብዳል፣ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሁሉም ያጠራቅማል። ግን ብዙ ሰው ሮቶውን ሚያስታውሰው ውሃው መሽተት ሲጀምር ነው፣ ያኔም ከታች ያለውን ቧንቧ ከፍቶ ጭቃውን ያስወጣና መልሶ ይሞላዋል። አቦ ይሄ ማጠብ አይባልም። ዋናው ጉዳይ ያለው ግድግዳው ላይ ነው፣ በተለይ ውሃው ከፍ ዝቅ በሚልበት አካባቢ።

ምክንያቱም ዴንጊ ሚባለውን የትኩሳት በሽታ ሚያስተላልፈው ኤደስ ሚባለው ትንኝ (ቀን ቀን ሚነክሰው፣ እግሩ ላይ ነጭ ነጭ ያለበት) እንቁላሉን ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ እርጥቡ ግድግዳ ላይ ነው ሚለጥፈው፣ እንቁላሉ ደሞ ደርቆ ለወራት ይቆይና ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ስለዚህ ሮቶው ባዶ ሆኖ ሰንብቶም ፈረቃ መጥቶ ሲሞላ ትንኙ እንደገና ይነሳል። እኛ ከተማ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ 2006 ላይ በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የዴንጊ ወረርሽኝ የተመዘገበው እዚሁ ድሬ ነው፣ በ2011 ክረምት መገጣጠሚያ እየያዘ ሰዉን አልጋ ላይ ያዋለው ቺኩንጉንያም በዚሁ ትንኝ ነው ሚተላለፈው፣ 2014 ላይ ደሞ በበጋ የተነሳው ወባ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ከምትባል ለሀገራችን አዲስ ከሆነች የወባ ትንኝ ጋር ተያይዟል፣ እሷ ረግረግ ምናምን አትፈልግም፣ ታንከርና በርሜል ይበቃታል።

እሺ ወደ ስራው። ፈረቃችሁ ሁለት ሶስት ቀን ሲቀረው ጀምሩ፣ እስከዛ ሮቶው ውስጥ ያለውን እየተጠቀማችሁ ጨርሱ፣ ለመጠጥና ለወጥ ሚሆን በጀሪካን ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ታች ላይ አንድ ሃያ ሳንቲም ያህል ውሃ ይቅር፣ ለመፈግፈጊያ ይሆናል። ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ ከተጀመረ ፀሀዩ ሳይከርር ከበርጫ በፊት ያልቃል። መግቢያውንም ወደ ቤት ሚወርደውንም ቫልቭ ዝጉ፣ ካልዘጋችሁ ቆሻሻው በሙሉ ቤት ውስጥ ቧንቧ ይገባል።

ከዛ ረጅም እጀታ ባለው ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ፈግፍጉ፣ ክዳኑን ከውስጥ በኩል፣ አንገቱን፣ ጥጋጥጉን ሁሉ፣ በስልካችሁ መብራት እያያችሁ። የሽቦ ብሩሽ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፣ ጭረቱ ውስጥ ደሞ ቆሻሻ ይደበቃል፣ ስለዚህ አትጠቀሙ። ሳሙናም አያስፈልግም፣ ለማጠብ ብዙ ውሃ ይፈጅባችኋል። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ ቀዳዳው ይበቃዋል ተብሎ ልጅ ወደ ውስጥ አይግባ። ውስጡ ይሞቃል፣ አየር የለውም፣ በረኪና ካለበት ደሞ በጣም አደገኛ ነው። ትንሹን ሮቶ ባዶውን ፈቶ አውርዶ መሬት ላይ አጋድሞ ማጠብ ይሻላል፣ ትልቁን ከአፉ በብሩሽ፣ እሱም ቆጥ ላይ ብቻችሁን ሳይሆን ከታች መሰላል ሚይዝ ሰው ኖሮ።

መውጫ ቧንቧው ከወለሉ ከፍ ብሎ ስለሚገጠም ደለሉ ሁሌ ታች ይቀራል። እሱን በጎማ ሳቡት፣ ጎማውን ቀድማችሁ ውሃ ሙሉና አንዱን ጫፍ ሮቶው ውስጥ አንዱን ታች ልቀቁት፣ በአፍ መሳብ የለም። የመጨረሻውን በስፖንጅና በጣሳ። ይሄ ውሃ በረኪና ስላልነካው ለፓፓያውም ለሎሚውም ዛፍ ይሆናል፣ ጓሮ ላይ ተጠራቅሞ እንዳይቆም ብቻ።

አሁን በረኪና። ሽታና ሳሙና ያልተጨመረበትን ፈልጉ፣ ጠርሙሱ ላይ 5 ፐርሰንት ሚለውን እዩ፣ እና አዲስ ይሁን፣ በእኛ ሙቀት በረኪና ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲከርም ጉልበቱ ይደክማል። ውሃ እንደልብ ካላችሁ ለ1000 ሊትር 1 ሊትር በረኪና ጨምራችሁ እስከ አፉ ሞልታችሁ ቢያንስ ለሊቱን ይደር፣ ቤት ውስጥ ያሉትንም ቧንቧዎች የበረኪናው ሽታ እስኪመጣ ከፍታችሁ ዝጓቸው፣ መስመሩም ይታጠባል፣ ቦይለር ካለ ግን መጀመሪያ የሱ መግቢያ ይዘጋ። እስኪፈስና እስኪለቀለቅ ድረስ ማንም እንዳይጠጣው፣ ልጆቹም ለጎረቤትም ይነገር። ግን እውነቱን ለመናገር ድሬ ላይ 1000 ሊትር ሞልቶ መድፋት ለብዙ ሰው ሚታሰብ አይደለም፣ እኔም ሚሻለው ሁለተኛው መንገድ ነው እላለሁ፦ 20 ሊትር ባልዲ ውሃ ላይ 80 ሚሊ ሊትር በረኪና (የ100 ሚሊ ሽሮፕ ባዶ ጠርሙስ ከሞላው ትንሽ ጎደል አድርጎ፣ ጠርሙሱ ከዛ በኋላ ይጣል) አድርጋችሁ ግድግዳውን በሙሉ በጨርቅ አርሱት፣ 30 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆይ፣ ሲደርቅ ደግማችሁ አርሱት፣ ከዛ በንፁህ ውሃ ሁለቴ ለቅለቅ። ጓንት አድርጉ፣ አይናችሁንም ጠብቁ። በረኪና ያለበት ውሃ ለአትክልት አይሆንም፣ ሽንት ቤትና ሲሚንቶ እጠቡበት።

ስለ ነጩ ቅርፊት ብዙ ሰው ይጨነቃል። የኛ ውሃ ከከርሰ ምድር በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ነው ሚመጣው፣ ድሬን የሲሚንቶ ከተማ ያደረጋትም ያው ድንጋይ ነው፣ ስለዚህ ካልሲየሙ ብዙ ነው። ሮቶ ላይ የተጣበቀውን ለማላቀቅ አትታገሉ፣ አይጎዳም፣ የተፈረፈረው ብቻ ይውጣ። የሻወር ራስና የቧንቧ ጫፍ ሲደፈን ግን ፈትታችሁ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሩት ይለቃል። ኮምጣጤና ሎሚ ግን ከበረኪና ጋር በፍፁም በፍፁም እንዳይገናኙ፣ ሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ በአንድ ቀን ሁለቱን ስራ አትስሩ።

ከታጠበ በኋላ ክፍተት መዝጋት ነው። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ትንኝ በጠባብ ቀዳዳ ይገባል፣ የትርፍ ውሃ መውጫውንም ሁሉም ይረሳዋል፣ እዛ ላይ ያረጀ አጎበር ቆርጣችሁ ደርባችሁ በላስቲክ እሰሩት፣ ውሃው ይወጣል ትንኝ አይገባም። ክዳኑ ከተሰበረ በሸራ ሸፍኑ፣ ወጥሩት፣ ከረገበ ራሱ ሸራው ላይ ዝናብ ይጠራቀምና ሌላ መራቢያ ሰራችሁ ማለት ነው። ከቻላችሁ ደሞ ከላይ ዳስ ነገር ጥላ አድርጉለት፣ ብርሃን ሚያስገባ ሮቶ አረንጓዴ ያወጣል፣ የሞቀ ውሃ ደሞ ለባክቴሪያ ይመቻል።

ሮቶውን በዓመት ሁለቴ፣ የካቲት ላይ በልጉ ሳይገባና ክረምቱ ወጥቶ መስከረም መጨረሻ ላይ ብታጥቡት ጥሩ ነው። በርሜል ግን በየሳምንቱ መፈግፈግ አለበት፣ በእኛ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ሚበር ትንኝ አስር ቀን እንኳን ላይሞላ ይችላል። በየሳምንቱ ሮቶውንም ክዳኑን ከፍታችሁ በመብራት እዩ፣ ሚወራጭ ትል ካለ ወዲያው ነው ሚታጠበው፣ ቀኑን አትጠብቁ።

ቦይለር ያላችሁ ኖራው በደንብ ሚያጠቃው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ውሃ ሲሞቅ ነው ካልሲየሙ ሚለየው፣ ኮይሉ (ውሃውን ሚያሞቀው ብረት) ላይ ይጋገርና መብራት ይበላል። ብሬከሩን አጥፉ፣ ውሃው ይቀዝቅዝ፣ ቀዝቃዛ መግቢያውን ዝጉ፣ የሙቅ ቧንቧ ከፍታችሁ ከታች ባለው ሴፍቲ ቫልቭ በጎማ አፍስሱት፣ ከዛ መግቢያውን ትንሽ ትንሽ እየከፈታችሁ ንፁህ እስኪወጣ እጠቡት። ድምፅ ሚያሰማ ከሆነ ኮይሉ ተፈትቶ መፋቅ አለበት፣ ታንኩን ከዝገት ሚጠብቀው የማግኒዚየም ዘንግም አብሮ ይታይ፣ እሱን ባለሙያ ይስራው። መልሳችሁ ስትሞሉ ከሙቅ ቧንቧው ውሃ ያለ አየር አንድ ወጥ ሆኖ ሳይፈስ ብሬከሩን እንዳታበሩ፣ ኮይሉ ይቃጠላል።