ፕሮግረሲቭ ሮክን በወሎ ጆሮ ማድመጥ

አምባሰልንና ባቲን አጥርቶ የሚለይ ጆሮ ፕሮግረሲቭ ሮክ (ረጃጅም ሥራዎችና ያልተለመዱ ምቶች የሚበዙበት የሮክ ዘውግ) ላይ ብዙ አይቸገርም፤ የሚያስቸግረው ምቱ ነው። ስለዚህ ከምቱ ጀምሩ። የፒንክ ፍሎይድን «መኒ» (በፈረንጆች 1973) ክፈቱና ቤዝ ጊታሩን እየተከተላችሁ እስከ 7 ቁጠሩ። ችክችካ የለመደ እጅ ሰባተኛዋን ይስታታል፣ ከዚያ ጭብጨባው ሁሉ ይዛባል። የጊታሩ ሶሎ ሲገባ ምቱ ወደ 4 ይዞራል። ያንን በራሳችሁ ከያዛችሁ ወደ ሌላው እለፉ።

በፈረንጆች 1980ዎቹ ዘውጉን እንግሊዝ ውስጥ መልሰው ካነሱት ባንዶች ማሪሊዮን አንዱ ነው። ለእኛ ጆሮ ግን የ1990ዎቹ የስዊድን ባንዶች ይበልጣሉ። የኤንግላጎርድን «ሂብሪስ» አልበም (1992) አስቀድሙ፦ አራት ረጃጅም ሥራዎች፣ ፍሉት፣ ሜሎትሮን። ሜሎትሮን እያንዳንዱ ቁልፉ የተቀዳ ቴፕ የሚያጫውት ኪቦርድ ነው። ቴፑ 8 ሰከንድ ገደማ ብቻ ስለሆነ ድምፁ እንደ ማሲንቆ እንደልብ አይጎተትም፤ ተጫዋቹ ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) ቶሎ ቶሎ የሚቀይረው ለዚህ ነው። ሌላው የስዊድን ባንድ አኔክዶተን ከበድ፣ ጨለም ይላል። ሜታል የሚወድ የእንግሊዙን ፖርኪዩፓይን ትሪን ይሞክር።

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትወርዱ አትጀምሩት። የሞተሩ ጩኸት ለስላሳውን መግቢያ ይውጠዋል፤ ድምፅ ስትጨምሩ ደግሞ ከበሮው ጆሮ ይበሳል። ማታ ቤት ውስጥ በኢርፎን፣ ሸፍልን (ቅደም ተከተል የሚያዘበራርቀውን) እና ክሮስፌድን (የአንዱን መጨረሻ ከቀጣዩ መጀመሪያ የሚያደባልቀውን) አጥፍታችሁ አድምጡ። የ18 ደቂቃ ሥራ በሰከንድ 320 ኪሎቢት ጥራት 43 ሜጋባይት ያህል ስለሚፈጅ ዋይፋይ ባለበት አውርዱት።