ስለ ትናንሽ የሮክ ክለቦች ስንጨቃጨቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናይንዝ ስትሪት ላይ፣ ዩ ስትሪት ሳይደርሱ የሀበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር አለ። የጥብስ ሽታ መንገድ ላይ ወጥቶ ይቀበላል። እዚያው መሃል ዲሲ ናይን የሚባል የሮክ ክለብ አለ። ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መድረኩ ፎቅ ላይ ነው፤ 250 ሰው ያህል ይይዛል። እኔ ስንት ዓመት እዚያ ሰፈር ክትፎ ስበላ ከጎረቤት ፎቅ የሚመጣው የድራም ድምፅ የማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አንድ ማክሰኞ ማታ ዝናብ አባረረኝና ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነብኝ።

ጭቅጭቁም መጣ። አብሮ አደጌ ኒውዮርክ ነው የሚኖረው፤ እሱም በዚሁ ተለክፏል። "ጀማሪ ባንድ ለማየት የቱ ክለብ ይበልጣል?" እያልን ስልክ ላይ ስንት ሌሊት አነጋን። አሁን ሳስበው አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ስህተቶቻችን እነዚህ ናቸው። የትኛው የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ዘመድ ያጣላል።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ መቁጠር

ክርክሩ ሁሌ በዚህ ነው የሚጀምረው። "እኛ ጋ ራሞንስ ተጫውተዋል!" "እኛ ጋ ደግሞ ኒርቫና!" ልክ የአያት የቅድመ አያት ጀብዱ እንደመቁጠር።

አብሮ አደጌ የሚምልበት ሲቢጂቢ ኒውዮርክ ባወሪ ጎዳና ላይ በ1973 መጨረሻ ተከፈተ። ስሙ የካንትሪ፣ የብሉግራስና የብሉዝ ምህጻረ ቃል ነው። ባለቤቱ ሂሊ ክሪስታል ያሰበው እነዚያን ሙዚቃዎች ነበር። የመጡለት ግን እነ ራሞንስና ፓቲ ስሚዝ ናቸው። ሰውየው ያስቀመጠው ደንብ ቀላል ነበር፦ የራሳችሁን ዘፈን ተጫወቱ። ቤቱን ቤት ያደረገው ይሄ ይመስለኛል። ግን ክለቡ በኦክቶበር 2006 ተዘግቷል፤ ቦታው በኋላ የውድ ልብስ መደብር ሆነ። ሲዘጋ እኛ ገና አሜሪካን አልረገጥንም። የሞተ ክለብ ጠቅሶ የዛሬውን ክርክር ማሸነፍ አይቻልም።

የኛው የዲሲው ናይን ሰርቲ ክለብም እንዲሁ ነው። በ1980 ኤፍ ስትሪት ቁጥር 930 ላይ ሲከፈት የተፈቀደለት 199 ሰው ብቻ ነበር። ኒርቫና በ1991 የተጫወተው እዚያ ነው። በ1996 ክለቡ ወደ ቪ ስትሪት ተዛወረ፤ አሁን 1200 ሰው ይይዛል። ይህን ሳላውቅ አንድ እንግዳ ይዤ ገብቼ "የኒርቫናው ከርት ኮቤይን እዚች ጋ ቆሞ ነበር" ብዬ ወለሉን በጣቴ አሳይቻለሁ። አጠገቤ የነበረ ሽበታም ፈረንጅ ሰምቶ ሳቀና በትህትና አረመኝ። የስም ዝምድና እንጂ የወለል ዝምድና የለውም።

ይልቅ ያለፈውን ወር ፕሮግራም ማየት ነው። ከተዘረዘሩት ስሞች አብዛኛውን ካወቅኩ ቤቱ ለጀማሪ ባንድ አይደለም። አንዱንም ካላወቅኩ ደስ ይለኛል።

ቁጥር ሳይጠሩ "ትንሽ" ማለት

አንዱ "ትንሽ ክለብ" ሲል 150 ሰው የሚይዘውን፣ ሌላው 1000 የሚይዘውን ያስባል። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሳይገናኙ ያድራሉ። ለንደን ብሪክስተን ውስጥ ዊንድሚል የሚባል መጠጥ ቤት አለ፤ 150 ሰው ቢገባ ነው። እነ ብላክ ሚዲ፣ እነ ስኩዊድ ከዚያ ነው የወጡት። ሚኒያፖሊስ ያለው ሰቨንዝ ስትሪት ኤንትሪ 250 ያህል ነው። የኔ ሚዛን 300 ነው። ከዚያ በታች ሲሆን የዘፋኙ የአንገት ሥር ሲገተር ይታያል። ከዚያ በላይ ጥሩ ኮንሰርት ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ነገር ነው።

ግን ትንሽነትም ብቻውን አይበቃም። በ2023 ናይን ሰርቲ ጎን አትላንቲስ የሚባል 450 ሰው የሚይዝ ክለብ ተከፈተ። የድሮውን የኤፍ ስትሪቱን ቤት እንዲያስታውስ ተደርጎ ነው የተሠራው። የመጀመሪያውን ምሽት የተጫወተው ዝነኛው ባንድ ፉ ፋይተርስ ነው። የመጀመሪያዎቹ 44 ምሽቶች በ44 ዶላር ትኬት ነበሩ፤ ስመ ጥሮች ነበሩ የሞሉት። ያን ሰሞን ትኬት ማግኘት ሎተሪ ነበር። ቤቱ ትንሽ፣ ባንዶቹ ግዙፍ።

"ክለብ" ሲባል ሌላ ነገር መስማት

ይሄ የኛ የሀበሾች ችግር ነው። እናቴ "ማታ የት ነበርክ?" ስትለኝ "ክለብ" አልኳት። ስልኩ ውስጥ የሆነ ዝምታ ወረደ። ለእሷ ክለብ ወይ ጊዮርጊስ ነው ወይ ጭፈራ ቤት። "ሙዚቃ ቤት" እንዳልላት ደግሞ ካሴት የሚሸጥበት ይመስላታል። በመጨረሻ "ቆሜ የማዳምጥበት ቦታ" አልኳት። "ታዲያ ቁጭ ብለህ አታዳምጥም?"

ብዙ ወላጆች እዚሁ ዲሲ ዳር፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ ልጆቻቸውን የሚከለክሉት በዚሁ ስም ምክንያት ነው። የሚያሳዝነው፣ ይቺ ከተማ ልጆችን በር ላይ ላለመመለስ ብዙ የለፋች ናት። በ1980 ቲን አይድልስ የሚባል ባንድ የነበራቸው የዲሲ ልጆች ካሊፎርኒያ ሄዱ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ክለብ መጠጥ እንዳይሸጥላቸው እጃቸው ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አድርጎ አስገባቸው። ሐሳቡን ይዘው መጥተው ናይን ሰርቲን "እኛንም እንዲህ አስገቡን" አሉ። ያ ምልክት ዛሬም በስንት ከተማ ክለብ በር ላይ ይሠራል። ከዚያው ሰፈር የወጣው ፉጋዚ የሚባል ባንድ ደግሞ ዓመታት ሙሉ 5 ዶላር ያህል እያስከፈለ፣ ዕድሜ ሳይጠይቅ ተጫውቷል።

እና ክለብ ስታወዳድሩ የ16 ዓመት ልጅ ይገባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጀማሪ ባንድ ብዙውን ጊዜ ጓደኞቹም ልጆች ናቸው። ጓደኞቹ ካልገቡ ለማን ይጫወታል?

በአንድ ሌሊት ድምፁን መፍረድ

"የዚያ ክለብ ሳውንድ ቆሻሻ ነው።" ይሄን ዓረፍተ ነገር በሁለት ቋንቋ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ብያለሁም። ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት "የት ቆመህ ነበር?" ነው።

ትንሽ ክለብ ውስጥ ድራሙና የጊታሩ አምፕሊፋየር ከመድረኩ ላይ ቀጥታ ደረትህን ይመቱሃል። የዘፋኙ ድምፅ ግን የሚመጣው ግራና ቀኝ ካሉት ትላልቅ ስፒከሮች ነው። ከፊት ለፊት መሃል ላይ ተጠግተህ ከቆምክ ስፒከሮቹን አልፈሃቸዋል ማለት ነው። ጸናጽሉ ጆሮህን ይልጠዋል፤ ዘፋኙ አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ታያለህ። ጥግ ላይ ከቆምክ ደግሞ ቤዙ ይከመርብሃል። ሁሉም ነገር እንደ ወጥ ይቀላቀላል። ሚክሰሩ (የድምፅ ማስተካከያው ሰሌዳ) አጠገብ ሂድ። ባለሙያው የሚያስተካክለው እሱ ቆሞ በሚሰማው ልክ ነው፤ እሱ የሚሰማውን ነው የምትሰማው።

ሰውም ራሱ ድምፅ ይመጥጣል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፤ 200 ሰው ሲገባ ልብሱና ገላው ይውጠዋል። አንደኛው ባንድ 30 ሰው ፊት ሲጫወት እንደ በርሜል የነበረው ቤት ሦስተኛው ባንድ ሲወጣ ሌላ ቤት ይሆናል። ሰዉ ሦስተኛው ባንድ ጎበዝ ነው ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ የሚወጣው ባንድ ደግሞ ድምፁን የሚፈትሽበት ጊዜ አይሰጠውም፤ ገመድ ሰክቶ "ይሰማል?" ብሎ ይጀምራል።

አንዴ አንድ ክለብ ውስጥ (ስሙን አልጠራም) ሙሉውን ምሽት ከምሰሶ ኋላ ቆሜ፣ ማታውኑ ደውዬ ቤቱን አራገምኩት። በሳምንቱ ሄጄ አምስት እርምጃ ወደ ግራ ብቆም ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ተሰማ። ምሰሶ ካነሳን አይቀር፣ ኤፍ ስትሪት ላይ የነበረው ናይን ሰርቲ በሚያማርሩበት ምሰሶ የታወቀ ነበር፤ ሰው ግን ዛሬም በናፍቆት ነው የሚያወራለት።

ሦስት ምሽት፣ ሦስት ቦታ። ከዚያ መፍረድ ይቻላል። የጆሮ መድፈኛም ያዙ። በ100 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ ያለ ስጋት መቆየት የሚቻለው 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው ይላሉ የአሜሪካ የሥራ ጤና ባለሙያዎች። የሮክ ክለብ እዚያ መድረስ አይከብደውም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ጀግና ነኝ ብዬ ሁለት ቀን ጆሮዬ ጭው ሲል ይከርም ነበር።

ለዋናው ባንድ ብቻ መድረስ

ይሄኛው ከሁሉም ያበሳጨኛል። ጀማሪ ባንድ ማየት እወዳለሁ የሚል ሰው ጀማሪው ባንድ ተጫውቶ ዕቃውን ወደ መኪና ሲጭን ይደርሳል። ትኬቱ ላይ ሁለት ሰዓት አለ፤ በሩ የሚከፈትበትና ሙዚቃው የሚጀመርበት። በሀበሻ ሰዓት የመጣ ሰው ሁለቱም ያልፉታል። የመክፈቻው ባንድ 30 ደቂቃ ነው የሚሰጠው፤ ፓርኪንግ ስትፈልግ ያልቃል።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣ የአክስቴ ልጅ "ማክሰኞ ማታ 8 ሰዓት እንገናኝ" ብዬ ጻፍኩለት። ተጫውተው ጨረሱ፤ እሱ የለም። በፈረንጆቹ ሰዓት ከሌሊቱ ሁለት ላይ ስልኬ ጮኸ። "በር ላይ ነኝ። ወንበር እየሰቀሉ ነው፤ ተሳስቼ ነው?" ለካ በኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ሌሊት መስሎት ነው። "ክለብ ስላልከኝ" አለ። ትክክል ነው፤ አዲስ አበባ ቢሆን ገና መሞቂያው ነበር።

ቀድሞ መድረስ ምን ያተርፋል ካላችሁ፣ ግላስጎው ያለውን ኪንግ ተትስ አስቡ። 300 ሰው ያህል የሚይዝ ክለብ ነው። በ1993፣ በኋላ ዓለም ያወቀው ኦኤሲስ የሚባል የማንቸስተር ባንድ ሳይጠራ መጥቶ እንድንጫወት ፍቀዱልን አለ። በጊዜ ወጥተው ጥቂት ዘፈን ተጫወቱ፤ አዳራሹም ገና አልሞላም። አለን መጊ የሚባለው የሙዚቃ አሳታሚው የክሪኤሽን ሪከርድስ ሰው ሌላ ባንድ ሊያይ መጥቶ በአጋጣሚ እዚያ ነበር። ያንኑ ምሽት ላስፈርማችሁ አላቸው። አንድ ሰዓት ዘግይቶ የደረሰው የግላስጎው ሰው ምን እንዳለፈው ለዘመኑ ሲያወራ ይኖራል።

ባንዱ ስንት ይዞ እንደሚሄድ አለመጠየቅ

"ምርጥ ክለብ" ለማን? ለኛ ቢራው ርካሽ፣ መብራቱ ያማረ ሊሆን ይችላል። በ1980ዎቹ ሎስ አንጀለስ ሰንሴት ስትሪፕ ላይ ባንዶች ትኬት ከክለቡ ገዝተው ራሳቸው እየዞሩ እንዲሸጡ ይገደዱ ነበር። ካልሸጡ ኪሳራው የነሱ ነው። አንዳንድ ክለቦች ዛሬም ባንዱ ከሸጠው ቲሸርትና ሸክላ ድርሻ ይቆርጣሉ። ክለቦቹም አልተመቻቸውም፤ ብሪታንያ ውስጥ በ2023 ብቻ 125 ትናንሽ የሙዚቃ ቤቶች እንደጠፉ የዘርፉ ማኅበር ተናግሯል። ዲሲም በ2020 ዩ ስትሪት ሚዩዚክ ሆልንና ሮክ ኤንድ ሮል ሆቴልን አጥታለች። እኔ ከባንዱ ልጆች አንዱን ጠረጴዛው ጋ አግኝቼ "እንዴት ያዟችሁ?" እላለሁ። ውሃና ምግብ ሰጧቸው? የተባባሉትን ከፈሏቸው? ሁሌም ይናገራሉ።

"ይሄ የኛ አይደለም" ማለት

ከምግብ ቤቱ ወጥቼ ወደ ዲሲ ናይን ስታጠፍ አንድ የማውቀው ጋሼ ያየኝና "ምን አጣህ እዚያ የፈረንጅ ጩኸት ውስጥ?" ይለኛል። ጃኖ ባንድን አስታውሰዋለሁ፤ የኛ ቅኝት የሚጮህ ጊታር ላይ እንዴት እንደሚያምር የሰማ ይፈርዳል። ጋሼ በጃኖ አይረታም። በኃይሉ መርጊያ ግን ዝም ይላል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ በ1981 ለጉዞ አሜሪካ መጥቶ እዚሁ ዲሲ ቀረ። ለዓመታት ወደ ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ ሲጠብቅ መኪናው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ይጫወት ነበር። በ2013 የድሮ ሥራው እንደገና ታትሞ ሲወጣ እንደነዚህ ባሉ ክለቦች፣ ልጆቹ ሊሆኑ በሚችሉ ፈረንጆች ፊት መጫወት ጀመረ። ጋሼ እሱም ታክሲ ነጂ ነው። ዝም ብሎ ያስባል፤ ከዚያ "እሱ ሌላ ነው" ይላል።

ባለፈው ሰሞን ዲሲ ናይን መድረክ ላይ ሦስት ልጆች ወጡ፤ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም። ቆጠርኩ፣ 31 ሰው ነበርን፤ ባሩ ላይ ያለችውን ጨምሮ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ የጊታሩ ክር ተበጠሰ። ትርፍ ጊታር የላቸውም። ድራሙ ሳይቋረጥ፣ ልጁ መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አዲስ ክር ሲያስገባ ሁላችንም እያጨበጨብን ምቱን ያዝንለት። ለአብሮ አደጌ ደውዬ ስልኩን ወደ ላይ አነሳሁ።

"የት ነህ?" አለ እየጮኸ።

"አትሰማም?"

"አልሰማም! ሚክሰሩ ጋ ሂድ!"